ስኳር የሌለው የቁርስ ማፊን እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቆስጣ፣ አይብ፣ ቃሪያ፣ እንቁላል፤ ሁሉም በአንድ እጅ በሚያዝ ማፊን ውስጥ። ጠዋት ለሚጣደፍ ቤት ከዚህ የተሻለ ቁርስ ማሰብ ይከብደኛል። ልጅ በምሳ ዕቃው ይዞት ይሄዳል፣ ትልቅ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይበላዋል። ግን ጣፋጩን ማፊን አሳምሮ የሚጋግር ሰው እንኳ ወደዚህኛው ሲመጣ ይቸገራል። ዋናው ምክንያት የስኳሩ መቅረት ነው። ስኳር ከማጣፈጥ ሌላ ብዙ ሥራ አለው፤ እርጥበት ይይዛል፣ ሊጡን ያለሰልሳል፣ ላዩን ያቀላል። እሱ ሲቀር ያን ሁሉ የሚሸፍኑት ዘይቱ፣ እርጎውና እንቁላሉ ናቸው። በእነሱ ላይ መሰሰት አያዋጣም።

እኔ የምነሳው ከዚህ ልክ ነው፣ 12 ማፊን ይወጣዋል፦ 250 ግራም ፊኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 120 ግራም እርጎ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ኩባያ ተኩል የሚሆን አትክልትና ቺዝ። በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል።

ጥሩ ተነስቶ ነበር፣ ከዚያ መሃሉ ሰመጠ

አዲስ አበባ ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የጋጋሪው አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው አሠራር ባብዛኛው የተጻፈው ለቆላ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ውሃ እንኳ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከመጠን በላይ ይነፋል። ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይረጉ ማፊኑ ጣሪያ ይነካል፣ የሚደግፈው ሲያጣ ደግሞ ይወርዳል።

መፍትሄው፦ አሠራሩ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ 2 አድርጉት። ወተቱ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ምክንያቱም እዚህ እርጥበት ቶሎ ይተናል። ኦቨኑን ደግሞ ከተጻፈው 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉት፤ ሊጡ ቶሎ ይረጋል። ከላይ የሰጠሁት ልክ ይሄን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበ ስለሆነ እሱን አትንኩት። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ የምታነቡ ግን ባሕሩ አጠገብ ናችሁ፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 3 መልሱት።

ከፍታው ካልሆነ የኦቨኑ በር ነው። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች አትክፈቱት።

ውስጡ ረጠበ፣ ሙጫ ሙጫ አለ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ማፊን የሚበላሸው በዚህ ነው። አንዱን ለሁለት ቁረጡና ቀርባችሁ እዩት። በእያንዳንዱ የቆስጣ ቁራጭ ዙሪያ ያልበሰለ የሚመስል ጠቆር ያለ ቀለበት ካለ፣ ሌላው ቦታ ግን ደህና ከሆነ፣ ምንጩ የአትክልቱ ውሃ ነው። ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ እርጥበት ካለ ግን በደንብ አልበሰለም፤ 5 ደቂቃ ጨምሩለት።

ቆስጣ ውሃውን ደብቆ የሚይዝ አትክልት ነው። ከትፋችሁ በደረቅ መጥበሻ ላይ ትንሽ ጨው ነስንሳችሁ እስኪጠወልግ አብስሉት፣ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጨምቁት። አንድ ጊዜ ጨምቆ መተው አይበቃም፤ ጨርቁን ፈትታችሁ ቅጠሉን በታትኑት፣ እንደገና ጠቅልሉና ጨምቁ። በሁለተኛው ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ ያስገርማችኋል። አንድ ትልቅ እስር ቆስጣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጭብጥ ይገባል፤ እስከዚያ ካልደረሰ አልተጨመቀም ማለት ነው። ዝኩኒ ሲሆን ፈቅፍቃችሁ ጨው ነስንሱበትና 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ጨምቁ። ቲማቲም ሲሆን ፍሬውንና ፈሳሹን አውጡ። እንጉዳይና ሽንኩርት ሳይጠበሱ አይግቡ።

አይብም ውሃ አለው። ከገበያ እንደመጣ ከገባ ሊጡን ያቀጥነዋል። ወንፊት ላይ ጨርቅ ዘርግታችሁ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ። አይብ እንደማይቀልጥም አስቡ፤ ልስላሴ እንጂ የሚሳብ ቺዝ አይሰጣችሁም። እኔ ግማሹን አይብ፣ ግማሹን ፕሮቮሎኔ የሚባለውን የሚቀልጥ ቺዝ ማድረግ እመርጣለሁ።

ስንጥር ወግታችሁ የምትፈትኑ ከሆነ አንድ ጊዜ አትመኑት። የቀለጠ ቺዝ ከነካ ጥሬ ሊጥ ይመስላል። ሌላ ቦታ ድገሙት፣ ላዩንም በጣት ጫን በሉት፤ ተመልሶ ከተነሳ በስሏል።

ደረቀ፣ እንደ ላስቲክ ተሳበ፣ ውስጡም ዋሻ ሠራ

ሊጡ ታሽቷል። ዳቦ መታሸት ይወዳል፣ ማፊን ግን አይወድም። ፈሳሹ ደረቁ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ከሥር ወደ ላይ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። ነጭ ዱቄት ሳይታይ ሲቀር አቁሙ፤ ሊጡ ቢጓጉል ምንም አይደለም። ማደባለቂያ ማሽን በጭራሽ አትጠቀሙ። አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፦ የተጨመቀውን አትክልትና ቺዙን ፈሳሹ ከመግባቱ በፊት ከደረቁ ዱቄት ጋር ደባልቁት። ኋላ ሊጡን የማማሰሉ ጣጣ ይቀንሳል፣ ቺዙም ተጠራቅሞ ታች አይቀመጥም።

ጭራሽ አልተነሳም

ቤኪንግ ፓውደሩ አርጅቶ ይሆናል። ከፓውደሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስዳችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ወዲያው ካልተንተከተከ አትጠቀሙበት።

ሌላው ምክንያት መብራት ነው። ሊጡ ተደባልቆ እያለ መብራት ቢጠፋ ጋዙ ዝም ብሎ ያልቃል። ስለዚህ ኦቨኑ በደንብ እስኪግል ድረስ ደረቁንና ፈሳሹን አታገናኙ። ማታ ደረቁን በአንድ ሳህን፣ ፈሳሹን ፍሪጅ ውስጥ አዘጋጅታችሁ ብታድሩ ጠዋት የሚቀራችሁ ማገናኘት ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋም የተበላሸ ነገር የለም።

ሳሙና ሳሙና አለ ወይም መረረ

ቤኪንግ ሶዳ በቤኪንግ ፓውደር ቦታ በእኩል ልክ ገብቷል። ሶዳ እጅግ ይበረታል፣ ኮምጣጣ ነገርም ካላገኘ በደንብ አይሠራም። ቤት ያለው ሶዳ ብቻ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አድርጉና ወተቱን ትታችሁ ሁሉንም በእርጎ ተኩት።

አልጫ አልጫ አለ

ዱቄትና እንቁላል ጣዕም ይውጣሉ። ማፊኑ ከተጋገረ በኋላ ደግሞ ጨው መጨመር አይቻልም። ከመጋገራችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ሊጥ መጥበሻ ላይ ጠብሳችሁ ቅመሱ፤ ይሄ ብቻ ብዙ ያድናል። ፕሮቮሎኔ ወይም ሞርታዴላ ካለበት ጨው ቀንሱ፣ አይብ ብቻ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። ሽንኩርቱን ቡናማ እስኪሆን አቁላሉት። የተነጠረ ቅቤ ሲሆን ግማሹን በዘይት ተኩት፣ አለዚያ ቅመሙ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ጥቁር አዝሙድ ከላይ ነስነስ ማድረግ በጣም ይስማማዋል።

ላዩ ነጣ፣ ሥሩ አረረ

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ኦቨኖች የታችኛው ብረታቸው ቅርብ ነው። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት፣ ከሥሩም ሌላ ትሪ ደርቡ። ላዩ የሚነጣው ስኳር ስለሌለው ነው፤ የእንቁላል አስኳል ቀቡት ወይም የተፈቀፈቀ ቺዝ ጣል አድርጉበት። የኦቨን መቁጠሪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ።

ወረቀቱ ላይ ተጣበቀ

ወረቀቱን ዘይት ቀቡት። ከኦቨን ሲወጣ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ከመጋገሪያው አውጡት፤ እዚያው ከቀዘቀዘ በራሱ እንፋሎት ይላቁጣል።

በማግስቱ ደረቀ

ስኳር የሌለው ነገር ቶሎ ይደርቃል። አትክልት፣ እንቁላልና ቺዝ ስላለበት ውጭ ማሳደር ደግሞ አይሆንም። የዕለቱን ብሉ፣ የቀረውን ሲበርድ በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡ። ጠዋት በ170 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲሞቅ ይመለሳል።

በጾም ጊዜ ሲሠራ ከበደ

ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ወተቱንና እርጎውን በአኩሪ አተር ወተትና በ1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ተኩት። የእንቁላሉን ያህል አይነሳም፣ ስለዚህ አትክልቱን ወደ አንድ ኩባያ ቀንሱ፣ የማብሰያ ጊዜውንም 5 ደቂቃ ጨምሩ። በደንብ ሳይበርድ ግን አትቁረጡት፤ ተልባው የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው።