ተኝተው የሚታከሙ የሱስ ታካሚዎችን እርካታ እንዴት እንጠይቅ?

ጎንደር ውስጥ ታካሚን «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ቢሉት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ይህ ይሉኝታ እንጂ መረጃ አይደለም። ስለዚህ ጠያቂው የታካሚው አማካሪ ወይም ነርስ አይሁን፤ ስም አይጻፍ፤ ወረቀቱ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ማንበብ ለማይችል ሰው ለብቻው ይነበብለት፤ አስታማሚ አጠገቡ አይቀመጥ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የኖረውን አረቄ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ሊቃዥም ይችላል። ያኔ የሚመልሰው ስለ ሕመሙ እንጂ ስለ ማዕከሉ አይደለም። ከ7ኛው ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጠየቅ። አቋርጠው የሄዱትን በስልክ መጠየቅ ግድ ነው፤ እነሱ ከተተዉ የሚቆጠሩት የረኩት ብቻ ይሆኑና ውጤቱ ያታልላል። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳው የማዕከሉ ስም በፍጹም አይነገር።

በሰፊው የሚሠራበት ባለ 8 ጥያቄ መጠይቅ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ8 እስከ 32 ነው። የአንዳንዶቹ ምርጫ በተገላቢጦሽ ስለተደረደረ ነጥቡን ሳይገለብጡ መደመር የተለመደ ስሕተት ነው።

ከድምሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ዝርዝሩ ነው፦ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ቀረበ ወይ? ጸበል የሚፈልግ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጠመቅ ተመከረ ወይ? ቤተሰብ የሚጠይቅበት ሰዓት ተነገረው? በመጨረሻ «ምን ቢቀየር ይወዳሉ?» ይባል። በወሩ የተስተካከለው ነገር በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለውጥ ያላየ ታካሚ ሁለተኛ እውነቱን አይናገርም።