እየሠራች የምትጠፋው ትራክተራችን
ከጤፍ ውቂያ በኋላ ትንሿ ትራክተራችን አመል አወጣች። ጋሪ እየጎተተች አሥር ደቂቃ ያህል ትሄድና አቅም አንሷት ቀጥ ትላለች፤ ጥቂት ካረፈች ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያውን) ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለት ቀን አንጀቴ አረረ።

በሦስተኛው ቀን ልክ እንደጠፋች የሰልባትዮውን (የናፍጣ ማጠራቀሚያውን) ክዳን ስፈታ «ፉሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ያኔ ገባኝ! ክዳኑ ላይ ያለችው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻ በእብቅና በአቧራ ተደፍናለች። ናፍጣው ሲጎድል ቦታውን የሚተካ አየር ስለማይገባ ወደ ሞተሩ መውረድ ያቅተዋል።

ክዳኑን በናፍጣ አጥቤ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ከፈትኳት። ከዚያም የፊልትሮውን አየር ማስወጫ ቡሎን አላልቼ አረፋው እስኪጠፋ ናፍጣ አፈሰስኩና መልሼ አጠበቅሁት። ዛሬ እስከ ቀትር ፍግ ስታመላልስ አንድም ጊዜ አልቆመችም።