«እኔ ጋ ይሠራል፣ እነሱ ጋ አይከፍትም»፦ የፋውንድሪ ቪቲቲ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ፋውንድሪ ቪቲቲ እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ያሉ የገጸ ባሕሪ ጨዋታዎችን ከሩቅ ጓደኞች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ይህ ጽሑፍ እሱን ገዝቶ በራሱ ኮምፒውተር ለሚያስነሳ ጌም ማስተር፣ ማለትም ጨዋታውን ለሚመራው ሰው ነው። ላይሰንስ የሚያስፈልገው ለእሱ ብቻ ነው፤ ጓደኞቹ በብራውዘር ሊንክ ተጭነው ይገባሉ። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚያ ሊንክ ነው።

ምልክት፦ ጓደኞቼ ሊንኩን ሲጫኑ ገጹ አይመጣም

አብዛኛው አቤቱታ ይኸው ነው። መጀመሪያ የላካችሁትን ሊንክ አንብቡት። «ሎካልሆስት» የሚል ካለበት ጓደኛችሁ ሲጫነው የሚያንኳኳው የራሱን ኮምፒውተር ነው። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ እናንተ ዋይፋይ ላይ ካለ ሰው በቀር ማንም አይገባበትም። መላክ ያለባችሁ ጨዋታው ውስጥ ሴቲንግ ላይ ባለው የግብዣ መስኮት «ኢንተርኔት» በሚለው ስር የተጻፈውን ነው።

ሊንኩ ትክክል ከሆነ ሞክሩት፤ ግን በቤት ዋይፋይ አይደለም። ብዙ ራውተሮች የራሳቸውን የውጭ አድራሻ ከውስጥ ሲጠሩት መልሰው አያስገቡም። ይህን ያላወቀ ሰው ደህና የሆነውን ተበላሸ ብሎ መነካካት ይጀምራል። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ክፈቱት።

አሁንም እምቢ ካለ፣ ፖርት (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት የሚገባበትን ባለ ቁጥር በር) ለመክፈት ከመሮጣችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። አንደኛው ራውተሩ ገጽ ላይ «ዋን አይፒ» ተብሎ የተቀመጠው የራውተሩ የውጭ በኩል አድራሻ ነው። ሁለተኛው ብራውዘር ላይ «የእኔ አይፒ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው ነው፤ ቪፒኤን (አድራሻችሁን በሌላ የሚተካ ፕሮግራም) ካላችሁ አጥፉት። ይህን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ዘለው ሌሊቱን ሙሉ ራውተር ሲነካኩ የሚያድሩ ሰዎች በእውነት ያሳዝናሉ።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ፦ ራውተሩ ላይ የቲሲፒ ፖርት 30000ን ወደ ኮምፒውተራችሁ የውስጥ አድራሻ ምሩ። ዊንዶውስ ፋየርዎልም መፍቀድ አለበት። መጀመሪያ ቀን ብቅ ያለው ጥያቄ ላይ «ፕራይቬት» ብቻ ተፈቅዶ ዋይፋዩ ግን «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበ ፋየርዎሉ ማንንም አያስገባም። የቤታችሁን ዋይፋይ ወደ «ፕራይቬት» ቀይሩት። ፋየርዎሉን ጨርሶ አታጥፉ። ራውተሩ ላይ «ዲኤምዜድ» የሚለውንም አትንኩ፤ እሱ አንድ ፖርት ሳይሆን ኮምፒውተሩን እንዳለ ለዓለም መክፈት ነው።

ቁጥሮቹ ከተለያዩ፦ የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ አካፍሎታል። ሲጂናት የሚባለው ይህ ነው። የግቢው በር አንድ ነው፤ ቁልፉም ያለው አቅራቢው ጋ ነው። እናንተ የክፍላችሁን በር ወለል አድርጋችሁ ብትከፍቱ ከመንገድ የመጣ እንግዳ አይደርስባችሁም። በሞባይል ዳታ ጨዋታ የሚያስነሳ ሰው የሚገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ቁጥሩ በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ ደግሞ ከአቅራቢው ሳጥን ኋላ የራሳችሁን ሁለተኛ ራውተር ሰክታችሁ እንደሆነ እዩ፤ ከሆነ አንዱን ብሪጅ አድርጉት (አድራሻ ማደሉን ትቶ ዝም ብሎ እንዲያስተላልፍ)። ሁለተኛ ራውተር ከሌለ እሱም ያው የአቅራቢው በር ነው።

ለሲጂናት መፍትሄው ታነል፣ ማለትም ጨዋታውን በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል አሳልፎ የሚያደርስ መስመር ነው። የክላውድፍሌር ታነል ከእናንተ ኮምፒውተር ወደ ውጭ ስለሚወጣ የማንንም በር አያስከፍትም። ወደ ሎካልሆስት ፖርት 30000 አገናኙትና የሚሰጣችሁን ሊንክ ላኩ። ያለ አካውንት የሚሠራው ፈጣኑ ታነል በተነሳ ቁጥር ሊንኩ ይቀየራል፤ በየሳምንቱ አዲሱን መላክ አትርሱ። ኮምፒውተሮችን በአንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኘው ቴይልስኬልም ይሠራል፣ ግን እያንዳንዱ ጓደኛ መጫን አለበት።

«ባለፈው ቅዳሜ ይሠራ ነበር» የሚለው አቤቱታ ምክንያቱ ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻ እንደገና ያድላል። ኮምፒውተሩ 192.168.1.5 የነበረው 192.168.1.14 ይሆናል፤ የከፈታችሁት ፖርት ግን አሁንም ወደ 5 ይመራል፤ እዚያ አሁን የተቀመጠው የሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው። ፋውንድሪን አጥፍተው እንደገና የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ ምንም አይፈይድም። ራውተሩ ላይ ለኮምፒውተሩ አድራሻ በቋሚነት ያዙለት።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሳታስገቡ አትደሩ። ለእያንዳንዱ ተጫዋችም ለየብቻ ስጡ።

ምልክት፦ ተጫዋቹ ገብቷል፣ የሚያየው ግን ጥቁር ነው

ማፑ ላይ የቶክን (ገጸ ባሕሪውን የሚወክለው ምልክት) እይታ በርቷል፣ ተጫዋቹ ግን የሚያይበት ቶክን የለውም። ገጸ ባሕሪው ላይ ባለቤትነቱን «ኦውነር» አድርጉለት፣ ቶክኑ ላይ ደግሞ እይታን አብሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የቶክኑን ናሙና («ፕሮቶታይፕ ቶክን») ካስተካከላችሁ ለውጡ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ማፑ ላይ በሚቀመጥ ቶክን ብቻ ነው። ቀድሞ የተቀመጠውን አጥፍታችሁ እንደገና ጎትታችሁ አስቀምጡት። የእይታው ርቀት 0 ከሆነ ብርሃን በሌለበት ዋሻ ምንም አይታይም፤ ችቦ ስጡት።

ምልክት፦ ማፑ እስኪከፍት ጨዋታው ይቀዘቅዛል

ምስሉ ከእናንተ ቤት ነው የሚሄደው፤ ወሳኙ የማውረድ ሳይሆን የመላክ (አፕሎድ) ፍጥነት ነው። 25 ሜጋባይት የፒኤንጂ ማፕ ለ5 ተጫዋች 125 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ወደ ዌብፒ (መጠኑ አነስ ወዳለ የምስል ዓይነት) ለውጡት፤ ጥራቱን 80 ላይ ስታደርጉት 3 ሜጋባይት ከሆነ ለሁሉም በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። ቀጣዩን ማፕ ተጫዋቾቹ ሲያወሩ ከወዲሁ «ፕሪሎድ» አድርጉት፤ ቀድሞ ይወርድላቸዋል። ከኢንተርኔት የወረደ ግዙፍ ምስል እንዳለ ለጥፎ ስለ ሶፍትዌሩ ማማረር ተገቢ አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የማፑ መስመርና ካሬው ካልገጠመ፦ ወርዱን በካሬዎቹ ቁጥር አካፍሉ። 2100 ፒክስል በ30 ካሬ 70 ነው፤ ግሪዱን (የካሬውን መጠን) 70 አድርጉት።

ማይክ ካልሠራ፦ ብራውዘር ያለ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ማይክ አይፈቅድም። ታነሉ ይህን ይፈታል፤ ካልሆነ በዲስኮርድ አውሩ።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዳችሁ በተጨማሪ ፎንቶች ሴቲንግ አስገቡት።

ከማሻሻያ በኋላ ሞጁሎች (ፋውንድሪ ላይ የሚጨመሩ ተጨማሪዎች) ከተበላሹ፦ በጨዋታ ቀን አታሻሽሉ። ከማሻሻላችሁ በፊት ፋውንድሪን ዝጉና የዳታውን ፎልደር ኮፒ አድርጉ፤ እየሠራ ኮፒ ከተደረገ ፋይሉ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

ዋሽንግተን ያለው ጓደኛ በሰዓቱ ካልገባ፦ «ማታ 2 ሰዓት» ስትሉት በምን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። የአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት እዚያ በበጋቸው የቀኑ 1 ፒኤም፣ በክረምታቸው 12 ፒኤም ነው።