የጥቁር እናቶችን ሞት በፖስተር ስታሳዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ግራፊክ ዲዛይን ለምትማሩና በወላድ ሕክምና ላይ ያለውን የዘር ልዩነት ለመመረቂያ ሥራችሁ ለመረጣችሁ።

ቁጥሩን ያለ ምክንያቱ መለጠፍ። በ2023 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 50.3 ጥቁር እናቶች ሞተዋል፤ የነጮቹ 14.5 ነው። ይህን በትልቁ ጽፋችሁ ብትተዉት ተመልካቹ ሰበቡን ከጥቁሮች ሰውነት ወይም ከድህነት ይፈልጋል። ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር ሴቶች ግን ሁለተኛ ደረጃ ካላጠናቀቁ ነጮች ይልቅ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የቴኒስ ኮከቧን ሴሬና ዊሊያምስን አስቡ። በ2017 እንደወለደች ሳንባዋ ውስጥ ደም መርጋቱን ጠርጥራ ምርመራ ስትጠይቅ፣ ነርሷ የሕመም ማስታገሻው ያምታታት መስሏት ነበር፤ ይህን የተናገረችው ራሷ ናት። ያ ሁሉ ሀብትና ዝና ወዲያው አላስደመጣትም። ስለዚህ የፖስተሩ መሃል የአለመደመጥ ነው፤ ቁጥሩ ከጎን ይቁም።

የሚያለቅስ ፊት። ፊት የሌላት ጥቁር ጥላ፣ ባዶ አልጋ፣ የደም ጠብታ... ተሰልችቷል። እርጉዟም አይታ ፊቷን ታዞራለች። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስና የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1900 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን የሠሯቸውን ቻርቶች ተመልከቱ፦ ደማቅ ቀለም፣ ጥቂት ቃል፣ ልመና የሌለበት።

ምን ይደረግ የሚለውን መርሳት። አሜሪካ ውስጥ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ከተያያዙ ሞቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን መከላከል ይቻል ነበር። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፦ እነዚህ የአደጋ ምልክቶች በጉልህ ይጻፉ። «በቅርብ ወልጃለሁ» ብላ እንድትናገርም እናቲቱን ንገሯት፤ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ይህን ላያውቅ ይችላል።

ፖስተሩን በወሊድ ክፍል ብቻ መስቀል። ከ2017 እስከ 2019 ከተመዘገቡት እንዲህ ያሉ ሞቶች ከግማሽ በላይ የደረሱት ከወሊድ በኋላ ከሰባተኛው ቀን እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እናትየው ያኔ የምትገኘው ልጇን የምታስከትብበት ክሊኒክ ነው።

ፖስተሩ ላይ የምታስገቡትን የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ማስጌጫ መያዝ። ዋሽንግተን አካባቢ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት በመረጃው ውስጥ «ጥቁር» ተብላ ነው የምትቆጠረው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእሷም ነው። ሶፍትዌሩ በግድ የሚያወፍረውንና የሚያዘነብለውን ፊደል አትጠቀሙ፤ «ጨ» እና «ጠ» ይደፈናሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ማጉላት የሚቻለው በመጠን፣ በቀለምና እውነተኛ ደማቅ ቅርጽ ባለው ፎንት ነው። ከማሳተማችሁ በፊት መነጽር ለምታደርግ አክስት ከሁለት ሜትር ርቀት አስነብቡ።