ጣና ዳር ወፍ ፎቶ ማንሳት እንዴት ይጀመራል?

ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡብ ዳርቻ ስለሆነ፣ ሐይቁን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ጠዋት ከቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከግራ ትከሻችሁ በስተኋላ ታበራለች፤ ወፏም ፊቷ ሙሉ ብርሃን ያገኛል። ከአውሮፓ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች የሚከርሙትም በዚሁ ጊዜ ስለሆነ በእነዚህ ወራት ጀምሩ።

ስልክ ለወፍ አይበቃም። የትኩረት ርዝመቱ (ሩቁን የማቅረብ አቅሙ) 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ያለው ያገለገለ ካሜራ ለመጀመሪያ ይሆናል። ገንዘብ ሲገኝ ካሜራውን ከመቀየር ሌንሱን ማሳደግ ይሻላል።

ቀጥሎ ካሜራውን አስተካክሉ። ለተቀመጠ ወፍ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት) 1/500፣ ለሚበር 1/2000 ሰከንድ አድርጉ። አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 ይሁን። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶማቲክ አድርጋችሁ ጣሪያውን 3200 ላይ ገድቡት። ፎከሱ ተከታታይ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራ) ይሁንና በወፏ ዓይን ላይ አሳርፉት። ትንሽ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ በኋላ ይጸዳል፤ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘ ግን አይመለስም።

የመጀመሪያዋ ወፍ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ኪንግፊሸር ትሁን። ዓሣ ስትፈልግ ከውሃው በላይ ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች፤ ለጀማሪ እጅ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። ስትወረወር ለማንሳት ሹተሩን ወደ 1/3200 ከፍ አድርጉ። ከአደን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው እንጨት ወይም ደንገል ስለምትመለስ፣ ከመከተል ይልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያዋጣል።

ነጭ ፔሊካን ሲነሳ ላባው ታጥቦ ወረቀት የሚመስለው፣ ካሜራው የውሃውን ጨለማ አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነው። በኤክስፖዠር ማስተካከያው (የፎቶውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሱ። በጣና ዳር ባለው የዘጌ ልሳነ ምድር ጫካ ውስጥ ግን ተቃራኒው ይገጥማል፦ ትልቅ ምንቃር ያለው ጥቁሩ ወፍ ሆርንቢል ሰማይ ከጀርባው ሲሆን ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዚያ 1 ወይም 1.5 ስቶፕ ጨምሩ።

ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ፣ ከሩቅ የሚነሳ ሁሉ ይፈዛል። በውሃውና በመሬቱ ላይ የሚንቀጠቀጠው አየር ምስሉን ስለሚያዛባ እንጂ ሌንሱ ተበላሽቶ አይደለም። ውድ ሌንስም አያድነውም፤ ወይ ቅርብ ያለውን አንሱ፣ ወይ ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረሱ።

በጀልባ ከሄዳችሁ ሞተሩ እንዲጠፋ ጠይቁ፤ ሌንሱንም ጠርዙ ላይ አታስደግፉ፣ ንዝረቱ በቀጥታ ይተላለፋል። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ሳይነጋ በደንገሉ ዳር በእግር አትሂዱ። ዓሣ አስጋሪዎችን ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ወፏ መብላቷን ትታ ቀና ብላ ካየቻችሁ በቂ ቀርባችኋል፤ ባላችሁበት ቁሙ። ጎጆ ላይ ካለች ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንቁላሉ ለፀሐይ ከተጋለጠ ጫጩቱ ይሞታል።