የምናባዊ ዓለማችሁን ዋና ዋና አማልክት እንዴት እንደምትመድቡ

ለልቦለዳችሁ አዲስ ዓለም ፈጥራችሁ አማልክቱ በዝተውባችኋል እንበል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ስም በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉ። ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዥ ባትሠሩ ይሻላል። ሰንጠረዥ ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ባዶ ሳጥን ያየ ሰው ደግሞ ካልሞላው አያርፍም። ታሪኩ የማይፈልጋቸው አማልክት የሚፈለፈሉት እንዲህ ነው።

ከዚያ ዋናዎቹን ለዩ። ይህ አምላክ ቢወጣ ታሪኩ ይቀየራል? ካልተቀየረ ካርዱን ወደ ጎን አድርጉት። ጥቂት ቢቀሩ አትስጉ። ግሪኮች የኦሊምፐስ አማልክታቸውን 12 ብለው ይቆጥሩ ነበር፤ በግብፅ የሄሊዮፖሊስ ካህናት ደግሞ 9 አማልክትን በአንድ የዘር ሐረግ ሰብስበዋል።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። በምን እንመድባቸው? አብዛኞቻችን በሥራ ድርሻ እንጀምራለን፤ ይሄ የባሕር፣ ያቺ የፍቅር፣ ያኛው የጦርነት። እኔም እንደዚያ ሠርቼ አንድ ዓመት አቃጥያለሁ። 24 አማልክት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ። ሲያዩት ያምር ነበር። ከዚያ ልጇ የታመመባት እናት ያለችበት ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ወደ ፈውስ አምላክ ላክኋት። ጸለየች፤ ገጹ ግን በድን ሆነ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ አምላክ ደግ ብቻ ነበር፤ የሚያስፈራት ምንም አልነበረውም።

የግሪኮቹን አፖሎ ተመልከቱ። መቅሠፍትን በቀስቱ የሚልከው እሱ፣ የሚፈውሰውም እሱ። የግብፅዋ ሴክመትም እንዲሁ ናት። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ እናቲቱ የምትለማመጠው ልጇን የመታውን እጅ ነው። ያኔ ጸሎቷ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ በካርዱ ጀርባ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ይለምነዋል? ምን ፈርቶ? ምንስ ያስከፍለዋል? ከዚያ ፍርሃታቸው የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አስቀምጡ። የግሪኮቹ ፖሰይዶን ባሕሩም፣ የመሬት መንቀጥቀጡም፣ ፈረሱም የእሱ ነው። በሥራ ድርሻ ካየነው ዝብርቅርቅ ይላል። እኔ ግን ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ ፍርሃት ይታየኛል፤ የተሸከመህ ነገር ድንገት ሲከዳህ።

ሁለት አማልክት አንድ ቦታ ከወደቁ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። የግሪኮቹ አሬስም አቴናም የጦርነት ናቸው። የእሱ እልቂቱና ቁጣው ነው፤ የእሷ ስልቱ። አንድ ወታደር ለማንኛቸው እንደሚጸልይ ማንነቱን ይናገራል።

ምድቦቹን በታሪክ አስተሳስሯቸው። በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ ኤሲርና ቫኒር የሚባሉ ሁለት የአማልክት ወገኖች ተዋግተው፣ በመጨረሻ ከየወገናቸው መያዣ የሚሆኑ አማልክት ተለዋውጠው ታረቁ። ከቫኒር ወገን የሆኑት ንዮርድና ልጁ ፍሬይር በኤሲር ዘንድ የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃቸውን በእርሳስ ጻፉ፤ ይለወጣልና። ማርዱክ ከአማልክት ሁሉ በላይ የወጣው ከተማው ባቢሎን ስትገን ነው።

የትም የማይገባ አምላክ ካለ በግድ አታስገቡት። በዚያው በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ ሎኪ ከግዙፋን ተወልዶ በኤሲር መሃል ይኖራል፤ ታሪኩ የሚነሣውም ከዚያ ነው። ካርዱን በሁለት ክምሮች መካከል ተዉት።

ሲያልቅ ሞክሩት። ከዓለማችሁ አንድ መርከበኛ፣ አንዲት አራስ፣ አንድ ንጉሥ ውሰዱና አማልክቱን በየራሳቸው አፍ አስቆጥሯቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ከሰጧችሁ ወደ ካርዶቹ ጀርባ ተመለሱ።