ዋና አሠልጣኝ ሲለቅ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ የወንዶች ቮሊቦል ቡድን ተተኪውን እንዴት ይመርጣል?

በአሜሪካ የኮሌጅ የወንዶች ቮሊቦል ጃንዋሪ ላይ ተጀምሮ ሜይ መጀመሪያ ላይ በብሔራዊው ሻምፒዮና ያልቃል። ስለዚህ አሠልጣኝ የሚለቀው በአብዛኛው ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት ሰሞን ነው። ጂሙ ባዶ ነው፤ መረቡ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበትነዋል። የስፖርት ዳይሬክተሩ ስልክ ግን አንድ ሰዓት አያርፍም። አንዱ ስም ይጠቁማል፣ ሌላው ራሱን ያስተዋውቃል፣ የቀድሞ ተጫዋቾች ምክር ይሰጣሉ።

እኔም አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ አሠልጣኝ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሠራነው ስህተት ስም በማማረጥ መጀመራችን ነበር። እኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ እጩዎች ስንከራከር አራት ልጆች ጥለውን ሄዱ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ያንን ካየሁ በኋላ ትክክል ነው ብዬ የማምንበት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ዜናው ከመውጣቱ በፊት ተጫዋቾቹን አናግሩ

ልጆቹ የአሠልጣኛቸውን መልቀቅ ከስልካቸው ማንበብ የለባቸውም። መግለጫው ሊወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረውም ቢሆን በቪዲዮ ሰብስቧቸውና ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ አሠልጣኙ እየሄደ ነው፤ እስከዚያ ቡድኑን የሚይዘው እገሌ ነው፤ ውሳኔ ላይ የምንደርሰው እስከዚህ ቀን ነው። ቀኑን ሳትናገሩ እንዳትለያዩ። «በቅርቡ እናሳውቃችኋለን» የሚለው ቃል ለሃያ ዓመት ልጅ «ሌላ ቡድን ፈልግ» ማለት ነው።

ዋና አሠልጣኝ ሲለቅ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር የሚመዘገቡበት ልዩ ጊዜ ሊከፈትላቸው ይችላል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል የቀኑን ብዛት ከኮሌጁ የደንብ ክፍል በጽሑፍ ተቀብላችሁ የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አስፍሩት። የምርጫ ሥራችሁ ከዚያ ቀን ጋር እየተሽቀዳደመ ነው።

ከውጭ አገር የመጡትን ለብቻቸው አነጋግሩ። በወንዶች ቮሊቦል እነሱ ብዙ ናቸው። የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ ምዝገባው ከትምህርት ቤቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ቢቀይር መዝገቡ በኢሚግሬሽን ሥርዓቱ በኩል መተላለፍ አለበት። ወላጆቹም በሌላ የሰዓት አቆጣጠር ላይ ሆነው በጭንቀት ይጠብቃሉ። አሥር ደቂቃ መደወል አይክበዳችሁ።

(ልጃችሁ እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ካለ፣ እናንተ ወላጆችም መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «የስኮላርሺፑ ውል በጽሑፍ የሚለው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። አዲሱ ሰው ማን እንደሚሆን መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።)

2. ከሚሄደው ሰው ጋር ቁጭ በሉና የገባውን ቃል ሁሉ አስቆጥሩ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው፤ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

በወንዶች ቮሊቦል አንድ የዲቪዚዮን አንድ ወይም ሁለት (የኮሌጅ ስፖርት የላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች) ቡድን ለረጅም ዘመን መስጠት የሚችለው 4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ሃያ ልጅ የሚይዝ ቡድን ይህንን እየቆራረሰ ያካፍላል፦ ለአንዱ ሩብ፣ ለአንዱ ሲሶ፣ ለሌላው የመጻሕፍት ወጪ ብቻ። ከ2025 ጀምሮ፣ የኮሌጅ ስፖርትን ከሚመራው ማኅበር ከኤንሲኤኤ ጋር የተደረሰውን የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ጣሪያ ተነስቶ በምትኩ የተጫዋቾቹ ቁጥር 18 ላይ ተገድቧል። በሁለቱም ዘመን ግን አሠልጣኙ ገንዘቡንና ቦታውን የሚያብቃቃው በቃል ጭምር ነው። «ዘንድሮ በሩብ ግባ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ግማሽ ይሆንልሃል።» «ቀይ ሸሚዝ ለብሰህ አንድ ዓመት ቆይ፣ አቀባዩ ሲመረቅ ቦታው ያንተ ነው።» («ቀይ ሸሚዝ» የሚባለው ተጫዋቹ የመጫወቻ ዓመቱን ሳያቃጥል ከቡድኑ ጋር እየተለማመደ የሚቆይበት ዓመት ነው፤ አቀባይ ደግሞ ለመቺዎቹ ኳስ የሚያመቻቸው።)

እኛ ጋ አንድ መሐል ተጫዋች ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ብሎክ ላይ እጁ እንደ ግድግዳ የሆነ ልጅ። ጊዜያዊ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ «አሠልጣኝ ለመጪው ዓመት ግማሽ እንደሚደረግልኝ ነግሮኝ ነበር» አለ። ፋይሉ ውስጥ ምንም አልተገኘም። አላመኑትም ለማለት ይከብደኛል፤ ግን ማንም ስልክ አንስቶ የሄደውን ሰው አልጠየቀውም። ልጁ በሳምንቱ ለዝውውር ተመዘገበ። ወር ቆይቶ እኔ በሌላ ጉዳይ ስደውልለት የቀድሞው አሠልጣኝ ራሱ ጠየቀኝ፦ «ለዚያ ልጅ ግማሹን ጨመራችሁለት አይደል?»

ስለዚህ ሰውየው ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ሁለት ሰዓት ውሰዱና ስም በስም አስኪዱት። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ምን ተባለ? ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላሉት ምልምሎችስ? የቀጣዩ ዓመት ጨዋታዎች ከእነማን ጋር በቃል ተይዘዋል? የክረምቱን የልጆች ካምፕ ማን ያካሂደዋል፣ ገቢውስ ለማን ነው? በተለይ የምልምሎቹ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም። ልጁ የመጣው ኮሌጁን ብሎ ይሁን ሰውየውን ብሎ የሚታወቀው በዚህ ሳምንት ነው፤ ሌሎች አሠልጣኞችም ይደውሉለታል።

ተባርሮ የሚሄድ ሰው ይህንን ለማድረግ ፈቃደኛ ላይሆን ይችላል። ያኔ ረዳቶቹንና አምበሉን ጠይቁ።

3. ጊዜያዊ ኃላፊውን በግልጽ ሰይሙ

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ረዳት ይሆናል። ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ ጽፋችሁ ስጡት፦ ምልምል ማነጋገር ይችላል? ስኮላርሺፕ ማጽደቅስ? ለቋሚው ቦታ እጩ መሆን አለመሆኑንም ከመጀመሪያው ቀን ለራሱ ንገሩት። ይህንን አዳፍኖ ማቆየት ጭካኔ ነው።

ጊዜያዊ ማለት ደካማ ማለት አይደለም። የፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ማርቭ ደንፊ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ በ1986 ሮድ ዋይልድ ፔፐርዳይንን ሻምፒዮን አድርጓል። ደንፊ በ1988 ሴኡል ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝቶ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በ1992 እና በ2005 ኮሌጁን ለዋንጫ አብቅቷል። ሎንግ ቢች ስቴትም አላን ናይፕን ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ለብሔራዊ ቡድኑ ሲለቅ አንዲ ሪድ ቡድኑን ይዞ ቆየ። ናይፕ ተመልሶ በ2018፣ በ2019 እና በ2025 ዋንጫ አመጣ። የሚሄደው ሰው ሊመለስ የሚችል ከሆነ ሩጫው ሌላ ነው፤ ያኔ የምትፈልጉት ቤት ጠባቂ ነው።

4. ገበያው ጠባብ መሆኑን አውቃችሁ ፈልጉ

የሴቶች ቮሊቦል በዲቪዚዮን አንድ ብቻ ከ300 በላይ ቡድኖች አሉት። የወንዶቹ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ዋና አሠልጣኝ ሆኖ የሠራና ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። በተግባር ምንጩ ሦስት ነው፦ የራስ ረዳት፣ የሌላ ቡድን ረዳት፣ አልፎ አልፎም ከሴቶቹ ቡድን የሚመጣ። በ2015 ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛውን መንገድ መረጠ። ሾን ኦልምስቴድ በ2014 የሴቶቹን ቡድን ለብሔራዊ ፍጻሜ አድርሶ ነበር፤ ወደ ወንዶቹ ተዛወረና በ2016 እና በ2017 ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፣ ሁለቱንም በኦሃዮ ስቴት ተሸነፈ። የሴቶቹን ቡድን የተረከበችው እህቱ ሄዘር ናት።

እኔ ብጠየቅ ከራስ ረዳት ጀምሩ እላለሁ። ልጆቹን ያውቃል፣ የተገባውን ቃል ያውቃል፣ ምልምሎቹ ስልኩን ያነሱለታል። ማርክ ፓቭሊክ በፔን ስቴት የቶም ፒተርሰን ረዳት ነበር። ፒተርሰን በ1994 ከካሊፎርኒያ ውጭ የመጀመሪያውን ዋንጫ ካገኘ በኋላ ፓቭሊክ ቡድኑን ተረከበና በ2008 የራሱን ዋንጫ ጨመረበት። ይህ ማለት ግን ረዳቱ ሳይፈተን ይለፍ ማለት አይደለም። ከውጭ የሚመጣው የሚጠየቀውን ሁሉ እሱም ይጠየቅ። አለዚያ በመጀመሪያው ሽንፈት ማግስት «እንዲሁ የተሰጠው ነው» ይባላል፤ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

5. ከንግግር ይልቅ ቪዲዮ ስጧቸው

በቃለ መጠይቅ ሁሉም ሰው ስለ «ባህል» እና ስለ «ቤተሰብ» ማውራት ይችላል። ለእያንዳንዱ እጩ ካለፈው ዓመት የተሸነፋችሁበትን አንድ ጨዋታ ከአንድ ቀን በፊት ላኩለት፤ ከዚያ ኮሚቴው ፊት ለግማሽ ሰዓት ያስረዳ።

እኛ ይህንን ያደረግነው ዘግይተን ነው፤ ልዩነቱ ግን ዓይን ይገባ ነበር። አንዱ እጩ «ተነሳሽነት ይጎድላቸዋል፣ ሰርቪሳቸውም መሻሻል አለበት» አለና ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ። ሌላዋ ምስሉን አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። ተጫዋቾቹ ቦታ እየተቀያየሩ ሲዞሩ አቀባያችን ከፊት መስመር ላይ የሚደርስበት ዙር ነበር፤ በዚያ ዙር ከፊት የሚመቱት ሁለት ብቻ ናቸው። «እዚህ ዙር ላይ አምስት ነጥብ በተከታታይ ሄዶባችኋል» አለች። «ምክንያቱ መቺዎቹ አይመስሉኝም። ሊቤሮው (ከኋላ ብቻ የሚከላከለው ተጫዋች) ወደ ግራ ተጠግቶ የቆመው ያንን ልጅ ለመሸፈን ነው፤ ልጁ ሰርቪስ መቀበል ፈርቷል። ተቃራኒው አይቶታል፣ ሁሉንም ወደ እሱ ነው የሚልኩት። ከኋላ የሚመታ አንድ ሰው ቢዘጋጅላችሁ ከዚህ ዙር ትወጡ ነበር።» ከዚያ ዞር ብላ «ያ ልጅ አሁን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም።

የወንዶች ጨዋታ ላይ ሰርቪሱ እየዘለሉ የሚመታ፣ ከባድ ነው። የተቃራኒን ሰርቪስ ተቀብሎ ነጥቡን መልሶ መውሰድ የማያስተምር አሠልጣኝ ምንም ያህል ቢያነቃቃ አይዘልቅም። የምርመራችሁ መሃል ይኼ ይሁን።

ዋቢ አድርገው የሰጧችሁን ሰዎች ብቻ አትጥሩ። በእጩው ሥር ተቀያሪ ወንበር ላይ አራት ዓመት የቆየ ልጅ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ኮከቡ ሁልጊዜ ያመሰግናል።

6. ውሉ

ይህ አጭር ነው፤ ጠበቃ ይጻፈው። እናንተ አራት ነገር አረጋግጡ፦ አንድ ምልምል ገብቶ እስኪመረቅ የሚያደርስ የዓመት ብዛት፣ ሰውየው ቀድሞ ቢለቅ የሚከፍለው የውል ማፍረሻ፣ የረዳቶች ደመወዝና የምልመላ በጀት በቁጥር፣ የካምፑ ገቢ። ረዳቱን በጥሩ ደመወዝ ማቆየት ዛሬ ቢከብድም፣ ቀጣዩ ተተኪያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

7. መጀመሪያ ላልተመረጡት ንገሩ

በተለይ ለራሳችሁ ረዳት። ፊት ለፊት፣ በር ዘግታችሁ፣ መግለጫው ከመውጣቱ በፊት። አዲሱ ሰው ሊያስቀረው ይፈልግ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለተጫዋቾቹ፣ ከዚያ ለምልምሎቹ፣ በመጨረሻ ለሕዝብ።

8. የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት ለአዲሱ ሰው አትቁጠሩለት

በጎም ይሁን ክፉ። በ2012 የሆነው ይህንን በደንብ ያሳያል። ኤል ስኬትስ የሎስ አንጀለሱን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤን፣ 50 ዓመት አሠልጥኖ፣ 19 ብሔራዊ ዋንጫ አንስቶ ጡረታ ወጣ። የተካው ጆን ስፔራው ነው፤ ለስኬትስ የተጫወተ፣ ረዳቱም የነበረ፣ ከዚያ ሌላውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዩሲ አርቫይንን በ2007፣ በ2009 እና በ2012 ሻምፒዮን ያደረገ። አርቫይንን ደግሞ ረዳቱ የነበረው ዴቪድ ኒፊን ተረከበው። በዓመቱ፣ በ2013፣ ኒፊን ብሪገም ያንግን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ፤ ያውም በዩሲኤልኤ ሜዳ በፖሊ ፓቪሊዮን። ስፔራው በዚያ ሜዳ አዲስ ዋና አሠልጣኝ ነበር።

ያኔ ፈርዶ ያሰናበተው ቢኖር ትልቅ ስህተት ይሆን ነበር። ስፔራው ለዩሲኤልኤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣው በ2023፣ በአሥራ አንደኛው የውድድር ዓመቱ ነው። በ2024 ደገመው። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ቮሊቦል ማኅበር ሊመራ ሲሄድ የተካው ጆን ሆክስ በመጀመሪያ ዓመቱ ለፍጻሜ ደርሶ በሎንግ ቢች ስቴት ተሸነፈ። ያ ቡድን በአብዛኛው የስፔራው ቡድን ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ከድልና ሽንፈቱ ይልቅ እነዚህን እዩ፦ ከነበሩት ልጆች ስንቱ ቀረ? ሰርቪስ መቀበላችሁ ከአምናው ተሻሻለ? አዲሱ ሰው ራሱ ያመጣቸው ምልምሎች እነማን ናቸው? ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተገባውን ቃልስ በጽሑፍ አስቀምጦታል? የመጨረሻውን ወረቀት ቅጂ የስፖርት ዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ አኑሩት፣ በየዓመቱም ሜይ ላይ አሳድሱት።